ልብሱ የተለወጠ ጠመንጃ፦ ሩገር 10/22 እና ወታደራዊ መልክ ያላቸው ተገጣጣሚ ሰደፎች

አንድ ጠመንጃ ከሰደፉ ጋር የተያያዘው በአንድ ዋና ብሎን ከሆነ፣ ሰደፉን አውልቆ በሌላ መተካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ተራ የሚመስል ሐቅ በአሜሪካ ሰፊ የመለዋወጫ ገበያ እንዲፈጠር ምክንያት ሆኗል፤ የሕግ አርቃቂዎችንም አከራክሯል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በማሽን ዲዛይን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱን የሚያካሂደው በተገጣጣሚ ምርቶች መገናኛዎች ላይ ነው፤ ማለትም አንድ ክፍል ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ቦታ፣ ክፍሎቹ በተለያዩ አምራቾች በተሠሩ ጊዜ፣ ምን ዓይነት ኃይልና ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚሸከም ይመረምራል። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሩገር 10/22 የተባለው ጠመንጃ እጅግ ግልጽ ምሳሌ ሆኖ ስለተገኘ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሰደፉ ሲለወጥ በጠመንጃው ላይ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ ለማብራራት ይሞከራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ሰደፍ» የሚባለው በተለምዶ ከትከሻ ጋር የሚገጥመው የጠመንጃው ኋለኛ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ ሰፋ ባለ ትርጉም ተወስዷል፤ ከትከሻ እስከ ግራ እጅ መያዣ ድረስ ስልቱንና በርሜሉን ተሸክሞ የሚይዘውን አካል በሙሉ ያመለክታል።

ጠመንጃውና ጥይቱ

ሩገር 10/22 በአሜሪካ ገበያ የቀረበው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። አምራቹ በ1949 እ.ኤ.አ. በዊልያም ሩገርና በአሌክሳንደር ስተርም በኮነቲከት ግዛት የተመሠረተው ኩባንያ ነው። ስሙ ራሱ ገላጭ ነው፤ 10 የካዝናውን ጥይት ብዛት፣ 22 ደግሞ የጥይቱን ልክ ያመለክታል። ካዝናው ጥይቶቹን በክብ አደራደር ስለሚይዝ ከሰደፉ ሥር ወጣ ሳይል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መደበኛው ካርባይን 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው በርሜልና የእንጨት ሰደፍ ሲኖረው፣ ክብደቱ ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተሽጧል፤ ለዒላማ ልምምድ፣ ለትንንሽ እንስሳት አደንና ጀማሪዎችን ለማስተማር ይውላል።

የሚተኩሰው ጥይት ፖይንት ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ስቲቨንስ በተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የተዘጋጀ ነው። በዚህ ጥይት የሚፈነዳው ቅመም በቀለሁ መሐል ሳይሆን በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ተቀብቶ ስለሚገኝ፣ መቺው ጠርዙን ይጨፈልቃል። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ «ጠርዝ-ተመቺ» ተብሏል፤ በመሐሉ የሚመታው ወታደራዊና ከባድ የአደን ጥይት ደግሞ «ማእከል-ተመቺ» ተብሏል። የልዩነቱ ፋይዳ በቀለሁ ጥንካሬ ላይ ነው። ጠርዙ በመቺው እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ የሆነ ቀለህ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ለዚህ ጥይት የአሜሪካ አምራቾች መስፈርት የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት ወደ 165 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ለፖይንት ቱ ቱ ስሪ ሬሚንግተን፣ ማለትም ለኤአር-15 የተለመደው ጥይት፣ ወደ 380 ሜጋፓስካል ይደርሳል።

ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ የ10/22 ስልት ቀላል ሊሆን ችሏል። መዝጊያው አይቆለፍም። ጥይቱ ሲተኮስ የቀለሁ ታች መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነው። የጋዝ ቱቦ፣ ፒስተን፣ የሚሽከረከር ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ የሚይዘው ሪሲቨር የተባለው የስልት ቤት ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው።

ለሰደፍ ዲዛይነር ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 2.6 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 380 ሜትር ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ጨምሮ፣ የሚፈጠረው ግፊተ-ጊዜ ወደ 1.05 ኒውተን ሴኮንድ ነው። 2.3 ኪሎ ግራም ጠመንጃ በዚህ ምክንያት በሴኮንድ 0.46 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የርግጫው ጉልበትም 0.24 ጁል ያህል ይሆናል። በተመሳሳይ ስሌት ሦስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ኤአር-15 ከአምስት ጁል በላይ ይራገጣል። እንግዲህ የ10/22 ሰደፍ የሚሸከመው ሸክም ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ሰደፉ ከእንጨት፣ ከስስ ፕላስቲክ፣ ከአሉሚኒየም ቱቦ ቢሠራ በርግጫ ምክንያት አይሰበርም። ዲዛይነሩ መልኩን እንደፈለገ ለመሥራት ያለው ነጻነት ከዚህ የመጣ ነው። ወታደራዊ መልክ ባላቸው ሰደፎች ላይ የሚታዩት ወፍራም የትከሻ ጎማና የአፈሙዝ ማቀዝቀዣ የሚመስሉ ቀዳዳዎች በዚህ ጠመንጃ ላይ ከጌጥነት ብዙም አያልፉም።

እንዴት ይፈታል፣ እንዴት ይገጠማል

ወታደራዊ መልክ የሚሰጡት ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ሰደፍ ብቻ ነው፤ የእንጨቱን ቦታ የሚተካ፣ ብዙ ጊዜ በብርጭቆ ጭረት በተጠናከረ ናይለን የሚሠራ፣ የሽጉጥ እጀታና የሚታጠፍ ወይም የሚረዝም የትከሻ ክፍል ያለው። ሁለተኛው ዓይነት ቅርፊት ነው፤ የስልት ቤቱን ከላይና ከታች የሚሸፍን፣ በርሜሉንም በቱቦ የሚከብብ፣ ከሩቅ ሲታይ ኤአር-15 የሚያስመስል። አምራቹ ሩገር ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ሁለተኛ ሐሳብ ተከትሎ የ10/22ን ስልት በእንዲህ ያለ አካል ውስጥ አስገብቶ ኤስአር-22 በሚል ስም ለገበያ አቅርቧል። በቀድሞ ጊዜ የመለዋወጫ ሠሪዎች ብቻ ይሠሩት የነበረው ነገር በዚህ ሁኔታ የፋብሪካው ምርት ሆነ።

የአፈታቱ ቅደም ተከተል አጭር ቢሆንም፣ ሁለት ቦታዎች ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ብዙ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ መዝጊያቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ መደበኛው 10/22 ግን እንዲህ አያደርግም። ካዝናው ባዶ ቢሆንም መዝጊያው ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ከውጭ በማየት ባዶ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ የጥይት ማረፊያውን በዓይንም በጣትም መፈተሽ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉም ሊገለበጥ አይገባም፤ ካዝናው ሳይወጣ መዝጊያው ቢሳብ ሌላ ጥይት ይገባል።

ሁለተኛው የደኅንነት ቁልፉ ነው። ቁልፉ ከምላጩ ፊት ለፊት ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦ የሚያልፍ ትንሽ ዘንግ ነው። በአንዱም ሆነ በሌላው ጫፍ ላይ ሲሆን ከምላጭ ቤቱ ግድግዳ ወጣ ብሎ ሰደፉን ይይዛል፤ ስልቱ ከሰደፉ አይወጣም። ለመውጣት ቁልፉ በመሐል መቆም አለበት። ይህ ቁልፍ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው መዶሻው ሲደገን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቺው ጠመንጃውን ደግኖ፣ የደኅንነት ቁልፉን ደግሞ ጥበቃም መተኮስም ባልሆነ መካከለኛ ቦታ አቁሞ ይሠራል። የመጀመሪያው ምርመራ በጥንቃቄ ካልተደረገ ይህ ሁኔታ አደገኛ ነው። መመሪያ ሳያነቡ የሚሠሩ ሰዎች ቁልፉ ያልመከነ መሆኑን ሳይገነዘቡ ስልቱን በጉልበት ሲነቅሉ የእንጨቱን ውስጠኛ ግድግዳ ይሰነጥቃሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በካርባይኑ ላይ በርሜሉንና የእንጨቱን ጫፍ አንድ ላይ የሚያስረው ቀለበት ይላላና ይወጣል፤ ከካዝናው ፊት ያለው ብሎን ይፈታል፤ በርሜሉ ወደ ላይ ሲነሣ የስልት ቤቱ ጀርባ እየተንሸራተተ ይወጣል። በአዲሱ ሰደፍ ሲገባም በተቃራኒው መጀመሪያ የሚገባው ጀርባው ነው፤ ከዚያ በርሜሉ ወደ ታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ በእንጨቱ ሰደፍ ውስጥ ተደብቆ የነበረ አንድ አገልግሎት ይገለጣል። የምላጩን ቤት ከስልት ቤቱ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ፒኖች ልል ሆነው የሚገቡ ናቸው፤ እንዳይወጡ የሚያደርጋቸው የሰደፉ የውስጥ ግድግዳ ነው። ስልቱ ከሰደፉ በወጣ ጊዜ ጠመንጃውን ወደ ጎን ቢያዘነብሉት ፒኖቹ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃሉ። ጎኑ ክፍት የሆነ ወይም ግድግዳው ሰፊ የሆነ አዲስ ሰደፍ ሲገጠም ይህ ጥበቃ ይጠፋል፤ ፒኖቹ በንዝረት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሊሄዱ ይችላሉ። በንድፍ ሥዕሉ ላይ ሰደፉ «ተሸካሚ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ይህ ሥራው አይታይም። በሌላ አምራች የሚሠራ ክፍል የቀድሞውን ክፍል ቅርጽ እንጂ ሥራውን በሙሉ እንደማይወርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ለማግኘት ያስቸግራል።

አንዱ ብሎን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። ብሎኑ የሚገባው በስልት ቤቱ ፊተኛ ጫፍ ነው። የስልት ቤቱ ጀርባ በሰደፉ ላይ ያርፋል እንጂ በምንም ብሎን አልታሰረም። በርሜሉ ደግሞ ከስልት ቤቱ ጋር የተያያዘው እንደ ብዙ ጠመንጃዎች በጥርስ ተጠምዝዞ አይደለም፤ ወደ ቀዳዳው ተንሸራቶ ይገባና፣ ከሥሩ ባለው ሰያፍ ቁራጭ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ማያዣ በሁለት ብሎኖች ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህ አሠራር በርሜልን በቤት ውስጥ ለመለወጥ ያስቻለ፣ ለመለዋወጫ ገበያውም በር የከፈተ ብልሃት ነው። ዋጋም አለው። ማያዣው በርሜሉን ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ ወደ ታችም ይስበዋል፤ ቀዳዳው ልል ከሆነ በርሜሉ አፍንጫውን ይደፋል።

መደበኛው ሰደፍ ይህን ድካም በሁለት ነገር ይደግፋል፤ በርሜሉ በእንጨቱ ቦይ ውስጥ ያርፋል፣ ጫፉም በቀለበት ይታሰራል። ቅርፊት መሰሉ ዕቃ ሲገጠም ቀለበቱ ይወገዳል፤ በርሜሉም በቱቦው ውስጥ ሳይነካ ይንሳፈፋል። «ተንሳፋፊ በርሜል ትክክለኛ ነው» የሚለው አባባል በተኳሾች ዘንድ እንደ ሕግ ይነገራል። ለተጠመዘዘ በርሜልና በሁለት ብሎን ለታሰረ ብረት የስልት ቤት አባባሉ ጥሩ መሠረት አለው፤ በርሜሉ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ከሰደፉ ጋር አለመነካካቱ ንዝረቱን ከተኩስ ተኩስ አንድ ዓይነት ያደርገዋልና። በ10/22 ላይ ግን ይህ አባባል ያለ ማስተካከያ ሊወሰድ አይገባም። 23.4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 457 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ወፍራም የዒላማ በርሜል እንውሰድ። ክብደቱ በስሌት ወደ 1.45 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በአሉሚኒየሙ መግቢያ ላይ የሚያሳርፈው የመታጠፍ ኃይል ደግሞ ከሦስት ኒውተን ሜትር በላይ ነው። ይህን የሚሸከመው ተንሸራቶ የገባ አጭር ጫፍና ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። የዒላማ ውድድር ባለሙያዎች በርሜሉን ከፊት በኩል በቀጭን መደገፊያ የሚያሳርፉት፣ ሌሎች ሠሪዎችም ሁለተኛ ብሎን የሚቀበል ጅራት ያለው የስልት ቤት የሚያመርቱት ለዚህ ነው።

የብሎኑ ጥብቀት ሌላው ጉዳይ ነው። የብሎን የመጨመቅ ኃይል በግምት የሚገኘው የመጠምዘዣውን ኃይል በብሎኑ ውፍረትና በ0.2 በማካፈል ነው። ወደ አምስት ተኩል ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በሁለት ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ ወደ 1,800 ኒውተን ይጨምቃል። ያው ብሎን በረጅም ካቻቢቴና በጠንካራ ክንድ ስድስት ኒውተን ሜትር ቢደርስ 5,400 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የአምስት ኩንታል ተኩል ያህል ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ ማሳረፍ ነው። እንጨት ሲጨመቅ ይሰማል፤ ክንዱ ይነግረዋል። አሉሚኒየም ግን አይሰማም። በሁለቱ መሐል ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ለጊዜው እሺ ብሎ ከሳምንታት በኋላ ቀስ በቀስ ይሰጣል፤ ያኔ ብሎኑ ይላላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተመለከተው በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ጠመንጃውን በእንዲህ ያለ ቅርፊት ካለበሰው በኋላ ካዝናው አልወጣ ስላለው በስልክ አማክሮት ነበር። ሰውየው ችግሩ ከካዝናው ነው ብሎ አምኖ የካዝናውን ጎን በሞረድ መፋቅ ጀምሮ ነበር። ብሎኑን በግማሽ ዙር እንዲያላላው ሲነገረው ካዝናው ወዲያውኑ ወጣ። የሆነው ነገር ግልጽ ነው፤ ብሎኑ ከመጠን በላይ በመጥበቁ የስልት ቤቱ ፊት ወደ ታች ተስቦ የካዝናው መግቢያ ከሰደፉ ቀዳዳ ጋር ሳይገጥም ቀርቷል። ደግነቱ ብሎኑ የሚነክሰው የአሉሚኒየም ጥርስ፣ በወርክሾፕ አነጋገር ፊሌቶው፣ አልተበላም ነበር። ቢበላ ኖሮ የሚጎዳው ርካሹ ሰደፍ ሳይሆን ዋናው የስልት ቤት ይሆን ነበር። በተገጣጣሚ ምርቶች ጥናት ውስጥ ይህ የታወቀ ስሕተት ነው፤ ብልሽቱ በርካሹ ክፍል እንዲጀምር ማድረግ ሲገባ መገናኛው በውዱ ክፍል ላይ ይፈርዳል። ሰደፍ አምራቾች በመመሪያቸው የሚያስቀምጡትን የጥብቀት ልክ በሚለካ ቁልፍ መከተል፣ ከዚያ ካዝናውን ደጋግሞ አስገብቶ ማውጣት፣ ቀጥሎም በርሜሉ ቱቦውን የሚነካ መሆን አለመሆኑን አንዲት ወረቀት በመሐል አሳልፎ መፈተሽ ሁሉንም ችግር ባይፈታም አብዛኛውን ያሳያል።

የበርሜሉ ውፍረትም አስቀድሞ መታየት አለበት። መደበኛው በርሜል ወደ አፈሙዙ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን ወፍራሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ለአንዱ የተሠራ ቦይ ሌላውን አይቀበልም። ማግፑል የተባለው ኩባንያ በሃንተር ኤክስ-22 ሰደፉ ውስጥ ተገልብጦ ለሁለቱም የሚሆን መደገፊያ በማስገባት ችግሩን በትንሽ ፕላስቲክ ፈትቶታል፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት በዘርፉ ካሉት መፍትሔዎች ይህ ከሚያስመሰግኑት አንዱ ነው።

የሙቀት መስፋፋትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 450 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 0.31 ሚሊ ሜትር ሲረዝም፣ የብረት በርሜሉ 0.16 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ልዩነቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ከበርሜሉ ጋር ከታሰረ በርሜሉን ይጎትታል። በአንድ ጫፍ ብቻ መታሰር ይገባዋል። በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የአፈሙዝ ጌጡ የሚታሰረው በበርሜሉ ላይ ሳይሆን በቱቦው ጫፍ ነው። ቱቦው ጥቂት ቢጣመም የጌጡ ቀዳዳ ከበርሜሉ መስመር ይወጣል፤ እርሳሱም ጠርዙን ሊመታ ይችላል። ይህ የመልክ ጉዳይ ወደ ደኅንነት ጉዳይ የሚሸጋገርበት ቦታ ስለሆነ፣ ከመተኮስ በፊት መስመሩን በቀጥተኛ ዘንግ መፈተሽ አማራጭ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ዓይንና ትከሻ

የካርባይኑ ማነጣጠሪያዎች በበርሜሉ ላይ ስለሚገኙ ቅርፊቱ ይሸፍናቸዋል። በምትካቸው ከላይ ባለው ሐዲድ ላይ የሚቀመጥ ማነጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ የኤአር-15ን ቅርጽ የሚከተል ሰደፍም ጉንጭን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ መሐል 65 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችላል። በተለመደው ሰደፍ ላይ ዝቅ ብሎ የተገጠመ መነጽር 38 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በቅርብ ርቀት ይታያል። በሴኮንድ 330 ሜትር የሚነሣ ጥይት በ25 ሜትር ላይ ዒላማውን እንዲመታ ቢስተካከል፣ በ10 ሜትር ላይ በዝቅተኛው ማነጣጠሪያ ከታሰበው ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ሲመታ፣ በከፍተኛው ደግሞ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በ50 ሜትር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍተኛው ማነጣጠሪያ ከመስመሩ ብዙም አይርቅም፣ ዝቅተኛው ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ተኳሹ በምን ርቀት እንደሚተኩስ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የሚረዝመውና የሚያጥረው የትከሻ ክፍል ግን ያለ ጥርጥር ጥቅም አለው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅና ረጅም አባቱ በአንድ ጠመንጃ እየተፈራረቁ ለመለማመድ ቢፈልጉ፣ የእንጨቱ ሰደፍ ለአንዱ መርዘሙ ወይም ለሌላው ማጠሩ የማይቀር ነው። ከእነዚህ ሰደፎች ጋር ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ በቅጡ የሚያገለግለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሕግ የሚያየው ምኑን ነው?

በአማርኛ የጠመንጃ ስሞች ብዙዎቹ ከስልቱ ፈልሳፊ የተወረሱ ናቸው። ስናድር ከስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ፣ ምንሽር ከማንሊከር የመጡ ሲሆኑ፣ ሰዎቹ ሁሉ የታወቁት በመዝጊያና በመክፈቻ ስልታቸው ነው። አባቶቻችን ጠመንጃን ሲጠሩ ከእንጨቱ ይልቅ የብረቱን ሥራ ይጠሩ ነበር ማለት ነው። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደነገጉ አንዳንድ ሕጎች ግን ጠመንጃን የመደቡት በለበሰው ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከአሥር ዓመት በኋላ ዘመኑ ያበቃው የፌዴራል ክልከላ፣ ካዝናው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ከተዘረዘሩት ውስጥ ሁለት ምልክቶች ከተገኙበት የተከለከለ ያደርገው ነበር። ምልክቶቹ የሚታጠፍ ወይም የሚረዝም ሰደፍ፣ ወጣ ያለ የሽጉጥ እጀታ፣ የሳንጃ መግጠሚያ፣ የእሳት ብልጭታ መደበቂያ ወይም እርሱን የሚቀበል ጥርስ ያለው አፈሙዝ፣ የቦምብ ማስወንጨፊያ ናቸው። በሕጉ አባሪ ላይ ከክልከላው ነጻ ተብለው ከተዘረዘሩት ጠመንጃዎች መካከል ሩገር 10/22 በስም ተጠቅሷል፤ አጠገቡ ግን «የሚታጠፍ ሰደፍ የሌለው» የሚል ቃል ተቀምጧል። ስልቱ፣ በርሜሉ፣ ጥይቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ነጻነቱን የሚያጠራጥረው አንዲት ማጠፊያ ነበረች።

ክልሎቹም አልተስማሙም። የካሊፎርኒያ ሕግ የጠመንጃ ምልክቶችን የሚቆጥረው በማእከል-ተመቺ ጠመንጃዎች ላይ ስለሆነ፣ ጠርዝ-ተመቺው 10/22 በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ኒው ዮርክ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ግን ለጠርዝ-ተመቺ ጥይት የተለየ ቦታ አልሰጠም፤ አንድ ምልክት ብቻም በቂ ነው። ስለዚህ በካሊፎርኒያ በዚህ ቆጠራ የማያስጠይቅ የሽጉጥ እጀታ ያለው ሰደፍ በኒው ዮርክ ሲገጠም ጠመንጃውን ወደ ሌላ የሕግ ምድብ ያዛውረዋል። ከሁለቱም በላይ የ1934 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ አለ፤ በርሜሉ ከ406 ሚሊ ሜትር ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ660 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠመንጃ የተለየ ምዝገባ ይጠይቃል። የሚታጠፍ ሰደፍ በፌዴራሉ አሠራር የሚለካው ተዘርግቶ ነው። ሰደፉን የሚያሳጥር ወይም ስልቱን ወደ ትከሻ የሚያስጠጋ ዕቃ የገዛ ሰው ብሎኑን ከማጥበቁ በፊት ሜትሩን ማውጣት ይኖርበታል።

እንዲህ ያለውን አመዳደብ «የመልክ ሕግ» ብሎ ማናናቅ በጠመንጃ ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ከላይ የቀረበው ስሌት በከፊል ይደግፋቸዋል፤ ሰደፉ ሲለወጥ የጥይቱ ጉልበት በአንዲት ጁል አይጨምርም። ነገር ግን ሙግቱ በሁሉም ምልክት ላይ እኩል አይቆምም። የሚታጠፍ ሰደፍ ጠመንጃውን በቦርሳ ውስጥ ለመደበቅ ያስችላል፤ ይህ መልክ ሳይሆን መጠን ነው። የሳንጃ መግጠሚያ በ10/22 ላይ ምን እንደሚሠራ ግን ለማስረዳት የሚደፍር ሰው ያለ አይመስልም። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ውስጥ እኩል ቆጥሮ መደመር ለመሐንዲስ አስቸጋሪ ሒሳብ ነው።

ስለ ጽዳት

ከመግጠም በኋላ ያለው ጊዜ በሽያጭ ገለጻዎች ውስጥ ብዙም አይነሣም። ጠርዝ-ተመቺ ጥይት ቆሻሻ ነው፤ እርሳሱ በሰም ወይም በቅባት የተለበጠ ሲሆን፣ የማይቆለፈው መዝጊያም ጥቀርሻውን ወደ ስልት ቤቱ ይረጨዋል። የ10/22 የስልት ቤት ጀርባ ደግሞ ድፍን ስለሆነ የበርሜል መጥረጊያ ዘንግ ከኋላ አይገባም፤ ከአፈሙዝ በኩል ብቻ ነው። በእንጨቱ ሰደፍ ለጽዳት የሚፈታው አንድ ብሎንና አንድ ቀለበት ነበር። በቅርፊቱ ግን የላይኛው ሽፋን፣ ሐዲዱ፣ ቱቦውና የእጀታው ብሎኖች ይጨመራሉ፤ ማነጣጠሪያው በሽፋኑ ላይ ከተቀመጠም በተፈታ ቁጥር ዒላማው እንደገና መስተካከል አለበት። የቨርጂኒያው ዘመድ ጠመንጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጸዳ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል፤ ሲጨርስም አንዲት ሮንዴላ ጠረጴዛው ላይ ተርፋለች። ከየት እንደወጣች እስካሁን አላወቀም፤ የቀድሞውን የእንጨት ሰደፍ ግን አልሸጠውም።